የሰምዛር የመጨረሻው ጥንስስ

የሰምዛር ቤተ መንግሥት ታላቁ ጋን በተከፈተበት ማለዳ፣ ከውስጡ የወጣው ሽታ ዘብ የቆሙትን ወታደሮች ወደ ኋላ አስፈገፈጋቸው። የጠላው ፊት በነጭ ሻጋታ ተሸፍኗል። ወጣቷ ጠማቂ ናርዳ በትር ነክራ ብታወጣ፣ ጠላው እንደ ልሃጭ እየተሳበ ወጣ። በዚያ አገር የምንጩ ውኃ ሁሉ መርዝ ነበር፤ መርዙን የሚያጠፋው ጥንስስ ብቻ ነበርና ሕዝቡ የሚኖረው በጠላ ነበር።

«ልጄ፣ ይህ ምንድን ነው?» አሉ ንጉሥ አምደ ዘር ፊታቸው ጠቁሮ።

«ሻጎ ገብቶበታል፣ ግርማዊ ሆይ!» ሻጎ ባልታጠበ ዕቃ ውስጥ የሚራባ የጥንት ክፉ መንፈስ ነው። «ከጋን ወደ ጋን በገዛ እጃችን አዛምተነዋል። በአገሩ ያለው ጥንስስ ሁሉ ተበላሽቷል። ንጹሑ የቀረው በዳሞራ ዋሻ፣ የቀደሙት እናቶች አሽገው ባኖሩት ገንቦ ውስጥ ብቻ ነው።»

«እንግዲያው ሂጂ! እኔም በዙፋኔ እምላለሁ፤ ሕዝቤ ሳይጠጣ አልጠጣም።»

ናርዳ ከታላቅ ወንድሟ ከመርዕድ ጋር ወጣች። መርዕድ የንጉሡ ጦረኛ ነው። በየመንደሩ ከንፈራቸው የተሰነጠቀ ሕፃናት በእናቶቻቸው ጭን ላይ ተዘርረው አዩ። ቀባሪ ያጣም ብዙ ነበር። ተስፋ የሚባል ቃል ከሰዉ አፍ ጠፍቶ ነበር።

በዋሻው ውስጥ ሻጎ እንደ ግራጫ ደመና ገንቦውን ከቦ ተኝቶ ነበር። መርዕድ የወይራ ችቦ ለኮሰ፤ መንፈሱ ጢሱን ሸሽቶ ሲያፈገፍግ ናርዳ ገንቦውን አንስታ ሮጠች። ነገር ግን ችቦው ጠፋ። መርዕድ ተከትሏት ሲወጣ ጣቶቹን ግራጫ ሻጋታ ሸፍኗቸው ነበር።

«አትቅረቢኝ» አላት። «ሥጋ ውስጥ የገባ ሻጎ ታጥቦ አይለቅም፤ የነካሁትንም ሁሉ ይይዛል።»

ከዚያ ወዲያ ከኋላዋ ርቆ ተከተላት። ገደሉን በግንድ ድልድይ ሲሻገሩ፣ እሷ አልፋ እሱ ወደ ማዶው ሊደርስ ሲል ግንዱ ተሰበረ። መርዕድ ከገደሉ አፋፍ የወጣ አንድ የዛፍ ሥር ይዞ ተንጠለጠለ። ናርዳ ገንቦውን አስቀምጣ እጇን ዘረጋች።

«መልሺ እጅሽን!»

«ጋሼ፣ በፈጠረህ ያዘኝ!»

«ከነካሺኝ ገንቦውን ማን ይሸከማል? ያየሻቸውን ልጆች አስቢ።» ትንፋሹ ተቆራረጠ። «ሂጂ፣ እህቴ።»

ሥሩን ለቀቀ።

ናርዳ ሰምዛር ስትደርስ እንባ አልነበራትም። የቆየው ድፍድፍ ሁሉ እንዲደፋ አዘዘች፤ ሴቶቹ እያለቀሱ ደፉት። ጋኖቹን በግራዋ አሹ፣ በወይራ ጢስ አጠኑ፣ በገንቦው ጥንስስ አዲሱን ጠላ ጠምቀው አፋቸውን በጭቃ አሸጉ። ሲከፈት ጥርት ያለ፣ ጌሾ ጌሾ የሚል ጠላ ወጣ። ንጉሡም እንደ መሐላቸው ከሕዝባቸው በኋላ ጠጡ።

ጠላው ለየመንደሩ ሲታደል ናርዳ የትውልድ መንደሯን ድርሻ ራሷ ይዛ ወረደች። እናቷን ከስተው ከደጃፍ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ዋንጫውን በሁለት እጃቸው ይዘው ጠጡ፤ ዓይናቸውም በራ። ግማሽ ላይ ሲደርሱ ግን አቆሙ።

«ይኼ ለወንድምሽ ይቅር» አሉ። «ደክሞት ነው የሚመጣው።»

ናርዳ አጠገባቸው ቁጭ አለች። ዋንጫውን ወደ አፋቸው መለሰችው።

«ጠጪው፣ እማዬ» አለች። «ሁሉንም ጠጪው።»