ቢሮህ የት ነው?

ድርጅቱ የተከራየውን ሕንፃ ለቆ «ከዛሬ ጀምሮ ሁላችሁም ከቤት ሥሩ» ሲል ሌላው ሠራተኛ በደስታ ፈነጠዘ። አንዷን ወጣት ግን ጭንቅ ጥብብ አላት። ይህን ለአባቷ ማን ይነግራቸዋል?

አባቷ በዋዛ የሚታለፉ ሰው አይደሉም። በአንድ ትልቅ ፋብሪካ በር ላይ ሰዓት ተቆጣጣሪ ሆነው፣ ማን ቀድሞ ገባ ማን አረፈደ ሲሉ ያረጁ ሰው ናቸው። በእሳቸው ሕግ ጠዋት ከቤቱ ያልወጣ ሰው ወይ ታሟል ወይ ተባሯል፤ ሦስተኛ የለም። የጎረቤት ልጅ ቤቱ ሆኖ በኮምፒውተር ይሠራል ቢሏቸው «ቁጭ ብሎ መዋል ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ሥራ የሆነው?» ብለው ነገሩን ዘጉት። እናቷ ከሞቱ ወዲህ ደግሞ አባትና ልጅ ብቻቸውን ናቸው፤ ልታሳዝናቸው አንጀቷ አልቻለም፤ እሳቸው በየማለዳው ቀድመዋት ወደ ፋብሪካው ቢወጡም፣ ቤት መዋሏን ጎረቤት ይነግራቸዋል።

ስለዚህ የሆዷን በሆዷ ይዛ፣ ምንም በር የማይከፍተውን የቢሮ መታወቂያ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ በየማለዳው መውጣቷን ቀጠለች። የምትሄደው ወንበር በቀን ወደሚከራይበት የጋራ መሥሪያ አዳራሽ ነው። እዚያ ጥግ ይዛ የስልክ መተግበሪያ ገጾችን ስትነድፍ ትውላለች።

እግዜር ሳይደግስ አይጣላም። አንድ ቀን ፊት ለፊቷ ወዳለው ጠረጴዛ አንድ ወጣት መጣ። ሱፍ ለብሷል፣ ከረባት አስሯል፣ ጫማውን ወልውሎታል። ዙሪያውን ቃኘት አደረገና ከረባቱን ፈታ፣ ጫማውን አወለቀ፣ ከቦርሳው ነጠላ ጫማ አውጥቶ አጠለቀ። ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጩ። ሳቋን ልትውጠው ሞከረች፤ እምቢ አላት።

«ምን ያስቅሻል?» አለ እሱም እየሳቀ።

«ለማን ብለህ ነው እንዲህ የዘነጥከው? እዚህ አለቃ የለ!»

«ለእህቴ።»

ፕሮግራመር ነው፤ የሚኖረው ከታላቅ እህቱ ጋር ነው። ቤት ሆኖ ሲሠራ ያየችው እህቱ «ወንድሜን አባረሩብኝ» ብላ ዘመድ አዝማዱን በስልክ አዳረሰችው። አጎቱማ ደግ ሰው ናቸውና የመጋዘን ጥበቃ ሥራ አግኝተውለት መጡ። ከዚያ ወዲህ ሱፉን ለብሶ መውጣት ሰላም ሆኖ አገኘው። ይህን ተርኮ ሲያበቃ አንገቷ ላይ ያለውን መታወቂያ አየት አድርጎ የየትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆነ ጠየቃት። እሷም ለማንም ያልነገረችውን ሁሉ ለማታውቀው ሰው ዘረገፈችለት። ለምን እንደነገረችው እሷም አታውቅም፤ ብቻ ቀለላት።

በማግሥቱም መጣ። ከዚያ በኋላ ቀድሞ የደረሰ ለሌላው ወንበር መያዝ ጀመረ። ስለ ሥራቸው ያወራሉ፤ ድሮ ሳምንት ይፈጅበት የነበረውን ፕሮግራም ዛሬ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉት ማሽን በግማሽ ቀን እንደሚጽፈው፣ የእሱ ሥራ ማሽኑ የጻፈውን ማንበብና ማረም እየሆነ እንደመጣ ይነግራታል። እሷም ከሥራ ጓደኞቿ ግማሾቹ እንደተቀነሱ ትነግረዋለች። አንድ ቀን ፊቷ ጭፍግግ ብሎ «ሁሉንም ማሽን ቢወስደውስ?» አለችው።

«ያኔም ጠዋት ለብሰን እዚህ እንገናኛለን። ልምዱ እንደሆነ አለን።»

ከልቧ ሳቀች። ሳቁ ሲያልቅ እጇን ያዛት፤ እሷም አላስለቀቀችውም። ወዳዋለች፣ ወዷታል፤ ምን ይደረግ?

ውሎ አድሮ ትዳር ተነሣ። ለአባቷ የወደደችው ሰው እንዳለ ስትነግራቸው ቤተሰቡን አልጠየቁ፣ ሀብቱን አልጠየቁ። «ቢሮው የት ነው?» ብቻ አሉ። እሁድ እንድታመጣው፣ ሰኞ ደግሞ ራሳቸው ከሥራው ቦታ ድረስ አብረውት ሄደው እንደሚያዩ ነገሯት። በሥራው በር ላይ ላላዩት ሰው ልጃቸውን አይድሩም።

እሷ መላ አበጀች፤ ለሰኞ ብቻ ክፍል ተከራይቶ በሩ ላይ ስሙን ይለጥፍ። እሱ ግን ከፋው።

«እህቴን የዋሸሁት እንዳትጨነቅ ብዬ ነው» አላት። «አባትሽን ዋሽቼ አንቺን ከወሰድኩ ግን ሌባ ነኝ።»

«እውነቱን ከነገርካቸውኮ የእኔም ይወጣል!»

«አውቃለሁ። አንቺው ብትነግሪያቸው ይሻላል።»

ተኮራረፉ። በማግሥቱ አንዱ እዚያ ጥግ፣ አንዷ እዚህ ጥግ ሆነው ዋሉ። በሦስተኛው ቀን ኮምፒውተሯን ከፍታ ዓይኗ ገጹ ላይ፣ ልቧ ሌላ ቦታ ሆነ። ድንገት ዘግታው ተነሣችና ከፊቱ ቆመች።

«ተነሥ» አለችው። «ወኔዬ ሳይከዳኝ ፋብሪካው ድረስ አብረኸኝ ና፤ ለአባቴ ልንገራቸው።»

ፋብሪካው በር ላይ ግን አባቷ የሉም። በእሳቸው ቦታ የሠራተኛውን ፊት እያየ የሚያስገባ ማሽን ተተክሏል። ዘበኛው ማንነቷን ሲሰማ ግራ ገባው። «ጋሼ እኮ ጡረታ ከወጡ ቆዩ። ይህ ነው የተካቸው» አለና ድምፁን ዝቅ አድርጎ በአገጩ ወደ መንገዱ ማዶ ጠቆማት።

ከመንገዱ ማዶ፣ ዛፍ ሥር ባለ አግዳሚ ላይ፣ አባቷ ኮታቸውን ለብሰው ተቀምጠዋል። በየማለዳው ከእሷ ቀድመው የሚወጡት አባቷ! መንገዱን ተሻገረች። ሄዳ አጠገባቸው ተቀመጠች። ደነገጡ፤ ከዚያ አንገታቸውን ደፉ።

«ለምን ደበቁኝ፣ አባዬ?»

«አባቴ ሥራ ፈቶ ቤት ዋለ እንዳትይ ብዬ ነው፣ ልጄ።»

መታወቂያዋን ከአንገቷ አውልቃ ጭናቸው ላይ አስቀመጠችውና የራሷን ጉድ አንድ ሳታስቀር ነገረቻቸው። መጀመሪያ መታወቂያውን አገላብጠው አዩት። ቀጥሎ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ አለቀሱ ብላ ስትሰጋ ለካ ሳቅ ነው። ዕንባቸው እስኪወርድ ሳቁ፤ እሷም አብራቸው ሳቀች።

ወጣቱ ራቅ ብሎ ቆሟል። አባትየው ዓይናቸውን ጠርገው ጠሩት። ጥያቄው እንደሚመጣ ስላወቀ ቀደማቸው።

«ቢሮ የለኝም፣ አባባ። ሥራ ግን አለኝ።»

አባትየው አግዳሚውን መታ መታ አደረጉ። «እኔ ደግሞ ቢሮ አለኝ፤ ሥራ ግን የለኝም» አሉት። ከዚያ ልጃቸውን አዩ፤ እሱን አዩ፤ ጠጋ ብለውም ቦታ ለቀቁለት።

«እሁድን መጠበቅ አያስፈልግም። ነገ ኮምፒውተርህን ይዘህ ቤት ና፤ ከልጄ ጋር ሥሩ» አሉት። «በሩን እኔ እከፍትልሃለሁ።»