ከስክሪኑ በታች የቀረው ቁልፍ

«ወንድሜ፣ ይሄን ጽሑፍ የጻፈው ሰው እዚህ አለ?»

ሃያ ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በተሰበሰቡበት አዳራሽ፣ ከኋላ ወንበር እጇን አውጥታ እንዲህ ስትል ነው መጀመሪያ ያየኋት። ዘመኑ ሁለት ሺህ ስድስት፣ ቦታው ወላይታ ሶዶ። እኔ ቶማ እባላለሁ። ያኔ ነፍሰ ጡር እናቶችን በስልክ የሚመዘግብ ፕሮግራም እሠራ ነበር። ከእኔ በላይ አዋቂ ያለም አይመስለኝም ነበር!

«አለ» አልኩ ደረቴን ነፍቼ። «እኔ ነኝ።»

«ለማን ነው የጻፍከው?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እሷ ግን አልሳቀችም። ትንሿን ስልኳን ይዛ ወደ ፊት መጣችና የቤተ ክርስቲያን ማስታወቂያ እንደሚያነብ ሰው ድምጿን ከፍ አድርጋ አነበበች።

«‹ይህንን የማስተካከያ ለውጥ ተግባራዊ በማድረግ ቀደም ሲል የተመዘገቡ መረጃዎች እንዲወገዱ መፈለግዎን ያረጋግጡ።› ይሄ ጥያቄ ነው ወይስ የወረዳ ደብዳቤ? እኔ ይሄን የማነበው ምጥ የያዛት ሴት እጄን ጨምቃ ይዛኝ ነው። ደግሞ እየው፣ ጽሑፉ ስክሪኑን ሞልቶት መልስ የምነካበት ቦታ የለም!»

«ወደ ላይ ስትገፊው ቁልፉ ከታች ይመጣል» አልኳት።

«መኖሩን ማን ነገረኝና ልግፋ?»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቀኑን ሙሉ ስበሽቅ ዋልኩ። አለቃዬ አቶ አንጁሎ ምሳ ላይ ጎደሬውን በዳጣ እያጠቀሱ ነገሩን ጨረሱት።

«ልጅቷ ልክ ናት። በየሳምንቱ እሷ ወደምትሠራባት የሁምቦ ከተማ ወደ ተበላ ውረድና ከእሷ ጋር አስተካክለው።»

ፈጠነች ትባላለች። ሐሙስ ሐሙስ በሚኒባስ እወርዳለሁ፤ ጤና ኬላዋ በረንዳ ላይ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ አንድ ስልክ መሃላችን አድርገን እንቀመጣለን። እኔ እጽፋለሁ፤ እሷ ትቆርጣለች።

«‹መረጃ ይወገድ› አትበል። ‹የድሮው ይጥፋ?› በል። ለእናቴ የሚገባትን ቃል ጻፍ።»

«እናትሽ አማርኛ ይችላሉ?»

«ለገበያ ያህል። ለዚያ ነው ማጠር ያለበት።»

ቀስ በቀስ ሕግ አወጣን። ጥያቄ ከሁለት መስመር አይለፍ። ሁለቱ መልሶች ጎን ለጎን ይቁሙ እንጂ አንዱ ከሌላው ሥር አይደበቅ። አንድ ረጅም ዓረፍተ ነገር በተቆረጠ ቁጥር በወላይትኛችን «ሎኦ!» ትላለች፣ እሰይ እንደማለት። እኔም ያቺን «ሎኦ» ለመስማት ስል ሆን ብዬ አስረዝሜ መጻፍ ጀመርኩ። ወይ ፍቅር!

አንድ ሐሙስ ዝናቡ የበረንዳውን ቆርቆሮ ሲደበድብ ሥራችንን አቆምን። ፈጠነች ስልኩን አስቀምጣ አየችኝ።

«ቶማ፣ አንተ ስልክ ምን ብሎ መጠየቅ እንዳለበት ታውቃለህ። ራስህስ የምትጠይቀው የለህም?»

«ምን?»

«ተወው» ብላ ሳቀች።

ፈዛዛው እኔ! ገብቶኝ እንዳልገባው ሆንኩ። ዝናቡ ሲያባራ «ቻው» ብዬ ሄድኩ።

በዚያው ሰሞን አዲስ አበባ ጥሩ ሥራ አገኘሁ። እስከ ሰኞ መልስ ስጥ ተባልኩ። ፈጠነች እሺ ካለችኝ እቀራለሁ፣ እምቢ ካለችኝ እሄዳለሁ ብዬ ወሰንኩ። በቃ፣ ሕይወቴን በእሷ መልስ ላይ ሰቀልኩት።

በዚያ ላይ የሠራተኞቹ ስልክ «ሎተሪ ደርሶዎታል» በሚል መልእክት ተጥለቀለቀ። አቶ አንጁሎ «ከማናውቀው ቁጥር የሚመጣውን የሚያግድ ነገር ዛሬውኑ አስገባ!» አሉኝ። በጥድፊያ ጻፍኩት። በራሴ ሰፊ ስልክ ሞከርኩት፤ አማረ፤ ለሁሉም ላክሁት። ለፈጠነች አላነበብኩላትም። በዚያ ሳምንት ሐሙስም አልሄድኩም፤ ዓይኗን ማየት ፈርቼ ነበር።

በማግስቱ መልእክት ጻፍኩላት። በሥራ ቁጥር ፍቅር መግለጽ ነውር መሰለኝና በግል ቁጥሬ ላክሁት።

«ፈጠነች፣ እወድሻለሁ። ነገ ሦስት ሰዓት ተበላ መናኸሪያ እጠብቅሻለሁ። ካልመጣሽ መልስሽ ገብቶኛል፤ አላስቸግርሽም።»

ቅዳሜ የታጠበ ሸሚዝ ለብሼ ቆምኩ። ሦስት ሰዓት ሆነ። ስድስት ሰዓት ሆነ። ማንጎ የምትሸጥ እናት አዘነችልኝ መሰለኝ፣ አንድ ማንጎ ሰጠችኝ።

«ልጄ፣ ማንን ነው?»

«ማንንም።»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወደ ሶዶ ተመለስኩ። ሰኞ የሥራ ሲም ካርዴን ለቢሮ አስረክቤ አዲስ አበባ ገባሁ። ለማንም ደህና ሁኑ አላልኩም።

ከአምስት ወር በኋላ አቶ አንጁሎ ደወሉ።

«የሁምቦ ልጆች ከቢሮ ውጪ የማንም መልእክት አይደርሰንም ይላሉ። አንተ የሠራኸው ነው፣ ናና አስተካክል።»

ሶዶ ደርሼ እንደ እነሱ ያለ ትንሽ ስልክ ከፈትኩ። ከቢሮ ውጪ የሚመጣ መልእክት ይግባ ወይስ ይታገድ የሚለው ጥያቄዬ አራት መስመር ሞልቶ ተንዘርግቷል። ከሥሩ የሚታየው አንድ ቁልፍ ብቻ ነው፦ «ይታገድ»። ሁለተኛው፣ «ይግባ» የሚለው፣ ከስክሪኑ በታች ቀርቷል።

የግል ቁጥሬ ከቢሮው ቁጥሮች ውስጥ የለም። መልእክቴ አልደረሳትም! እምቢ አላለችኝም!

ተበላ እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። ፈጠነች በረንዳው ላይ መዝገብ ትሞላለች። ቀና ብላ አየችኝ።

«ቶማ... አለህ ለካ።»

ዓይኔን ወደ ስልኳ አሸሸሁ።

«ስልኩን... ስልኩን ላስተካክል ነው የመጣሁት።»

«ለስልኩ ነው?»

«አዎ።»

ውሸታሙ እኔ! ስልኩን ሰጠችኝ። አዲሱን ጫንኩበት፤ ጥያቄውን ቆረጥኩ፤ ሁለቱን ቁልፎች ጎን ለጎን አቆምኩ። «ንኪው» አልኳት። «ይግባ» የሚለውን ነካች።

ጢን! ጢን! ጢን! ታግዶ የቆየው ሁሉ ገባ። ሎተሪ፣ ሎተሪ፣ ደግሞ ሎተሪ... ከዚያ ጣቷ ቆመ። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ። አንዴ አነበበችው። ደገመችው።

«ይሄ... መቼ ነው?»

«የዚያን ሰሞን ዓርብ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ቁልፉ ከታች ቀርቶ...»

«ስለ ቁልፉ አልጠየቅኩህም!» እንባዋ መዝገቡ ላይ ወረደ። «ሐሙስ ጠበቅኩህ። በሚቀጥለውም ጠበቅኩህ። ስደውል አቶ አንጁሎ አነሱትና ‹አዲስ አበባ ገባ› አሉኝ። ሳትሰናበተኝ!»

«መናኸሪያው ጋ ለስድስት ሰዓት ያህል ቆሜ ነበር።»

«እኔም እዚህ ነበርኩ። ክትባት ቀን ነበር። ከመናኸሪያው እስከዚህ በእግር አሥር ደቂቃ ነው፣ ቶማ። ለምን አልመጣህም?»

«ፈራሁ።»

«ምኑን?»

«እምቢ እንዳትዪኝ።»

መዝገቡን ከደነች። ከዚያ በቀስታ፣ «እኔ እኮ እምቢ አልልህም ነበር» አለች።

«አሁንስ? አሁን እየጠየቅኩሽ ነው። ሥራውን እተወዋለሁ፤ ዛሬውኑ ሽማግሌ እልካለሁ!»

ጭንቅላቷን ነቀነቀች።

«መምህር ጦናን ታውቀዋለህ? የቢጠና ትምህርት ቤቱን? ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ራሱ መጣ። ዝናብ እየደበደበው እዚህ በረንዳ ላይ ቆሞ ‹እወድሻለሁ፣ ምን ትያለሽ?› አለኝ። ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። በጥር ሠርጋችን ነው።»

«ትወጂዋለሽ?»

«አትጠይቀኝ። አንተን አልቅሼ ከጨረስኩ በኋላ ነው ቃል የሰጠሁት። ቃሌን አላጥፍም።»

ሁለታችንም አለቀስን። ከውስጥ ልጅ የታቀፈች ሴት ጠራቻት። ፈጠነች ፊቷን በነጠላዋ ጠረገችና ተነሣች።

«በል ሂድ። ከእንግዲህ የምትወዳትን ሴት ግን እንዲህ ከሩቅ ሆነህ እንዳትጠይቃት።»

የዚያን ቀን ሚኒባስ ውስጥ እስከ ሶዶ ድረስ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ሰዎች ለቅሶ ቤት የምሄድ መስሏቸው «እግዚአብሔር ያጽናህ» አሉኝ። አሜን አልኩ።

ከሁለት ዓመት በኋላ አረካ ውስጥ ትርፌ የምትባል አስተማሪ ወደድኩ። መልእክት አልጻፍኩላትም። ሄጄ የግቢያቸውን በር አንኳኳሁ። ሊጥ የነካ እጇን ወደ ኋላ ደብቃ ወጣች።

«አቤት፣ ምን ፈለግክ?»

«አንቺን» አልኳት።