በመመልከቻው ብቻ የሚታይ

ኢንስፔክተር ከይሪያ የቪዲዮ ቤቱን ካሜራ ባትሪ አውጥታ ሌላ ሙሉ ባትሪ ከተተች። ከኋላው ያለው ስክሪን ጥቁር ነው። ገመዱን በአዲስ ቀየረች፤ ትልቁ ሞኒተርም ጥቁር ነው።

«ተበላሽቶ ይሆናላ» አለ ኮንስታብል ሰማኸኝ። «ሬሳ ትተን ካሜራ እንጠግን?»

«ሬሳው የሚለውን ብሏል። ጭንቅላቱ ወደ ታች ሆኖ በጀርባው ነው የወደቀ፤ ደረጃ ሲወርድ ያዳለጠው ሰው ካልተገፋ እንዲህ አይወድቅም።»

ሰኞ ገበያ ሰፈር ያለው የቪዲዮ ቤት ባለቤት አብዱልባሲጥ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ደረጃው ሥር አንገቱ ተሰብሮ ነበር የተገኘው። እጁ ባዶ የሜሞሪ ካርድ ማስቀመጫ ጨብጧል። በቤቱ የነበሩት የእህቱ ልጅ ተውፊቅና ቪዲዮ ቀራጯ ሙና ብቻ ናቸው። ሙና ሬሳው አጠገብ ስለተገኘች ታስራለች።

ተውፊቅ ትናንት ሆጤ ሰፈር ከቀረጹት ሠርግ የተላከ ሥጋ እየበላ ነበር። የአጎቱ ሬሳ ገና አልተነሳም።

«ወላሂ፣ ካሜራው ክፍል ነበርኩ» አለ ጣቱን እየላሰ። «ካሜራው ፊት ያለውን የአበባ ማስቀመጫ በሞኒተሩ እያየሁ ቀለም ሳስተካክል የአጎቴንና የሙናን ጭቅጭቅ ሰማሁ። ከዚያ ዱብ!»

«ከዚያ ወዲህ ካሜራውን የነካ አለ?»

«ማንም። በሩን እኔው ቆልፌ ቁልፉን ለኮንስታብል ሰማኸኝ ሰጠሁ።»

ሲነሳ በግራ እግሩ ሙሉ በሙሉ አልረገጠም። ሰሃኑን ወደ እሷ ገፋ። «አንድ ጉርሻ?»

ከይሪያ ሰሃኑን መልሳ ገፋችው። ከዚያ ወጣች።

ውጭ ሙና እጆቿ በካቴና ታስረው ግድግዳ ተደግፋለች።

«እህቴ፣ ተውፊቅን ካመንኩት ዛሬ እስር ቤት ታድሪያለሽ። ካሜራው ለምን ጠቆረ?»

«እኔ ነኝ ያጠቆርኩት። በሠርግ የሴቶቹን ክፍል ስቀርጽ ሻሻቸውን አውልቀው ነው የሚጨፍሩ። ወንድ በትከሻዬ አሻግሮ እንዳያይ ስክሪኑንም፣ ወደ ሞኒተር የሚወጣውንም እዘጋለሁ፤ ትናንትም ዘጋሁት። ምስሉ ዓይኔን በምደቅንበት የመመልከቻ ቀዳዳ ብቻ ይታያል። ጋሽ አብዱልባሲጥ ናቸው ያስተማሩኝ፤ የሴቶችን ካርድም ራሳቸው ናቸው የሚያስረክቡ። ዛሬ ልከፍተው መጥቼ ገና ከበሩ ስገባ የመውደቃቸውን ድምፅ ሰምቼ ሮጥኩ።»

ከይሪያ ሁሉንም ካሜራው ክፍል ሰበሰበች፤ የሟቹን ሚስት ፈትሂያንም ጭምር።

«ተውፊቅ፣ ጠዋት ያየኸውን አበባ አሳየን።»

ቁልፎቹን አንድ በአንድ ተጫነ፤ ሞኒተሩ እንደጠቆረ ነው። ገመዱን ነቀነቀ። «ገመዱ ነው።»

«አዲስ ነው።»

«ባትሪው...»

«ሙሉ ነው። እትዬ ፈትሂያ፣ እስኪ በዚህች ቀዳዳ ይዩ።»

ፈትሂያ ዓይናቸውን ደቀኑ። «አበባው ይታያል! ከሥሩ ቀይ ጽሑፍ ብልጭ ድርግም ይላል።»

«ካርድ የለም ነው የሚለው» አለች ከይሪያ። «ሞኒተሩ ከትናንት ጀምሮ ዝግ ነው። ካንተ በኋላም ከእኔ በቀር ማንም አልነካውም፤ አንተው ነህ ያልከው። ስለዚህ ጠዋት ምንም አላየህም፤ እዚህም አልነበርክም። ካርዱን ደግሞ ሙና አትሰርቀውም፤ የቀረጸችው ራሷ ናት። ጋሽ አብዱልባሲጥ የሴቶችን ካርድ ለሙሽራዋ እናት በእጃቸው ነው የሚያስረክቡ። ሊያስረክቡ ሲሉ ማስቀመጫው ባዶ ሆነባቸው። ደረጃው ላይ ያዙህ፤ ገፋሃቸው። ኮንስታብል ሰማኸኝ፣ የግራ ጫማውን አውልቅለት።»

ካርዱ ከካልሲው ወጣ፤ በላብ ርሷል።

«ለጓደኞቼ ቴሌግራም ላይ ብቻ...» አለ ተውፊቅ። «ቀልድ ነበር።»

ፈትሂያ አላለቀሱም። «ያጎረሰህን የአጎትህን እጅ ነከስክ!» አሉና እግሩ ሥር ተፉበት።

ካቴናው ከሙና እጅ ወደ ተውፊቅ እጅ ዞረ። ሙና ግን የእጇን ሰንበር አላየችም፤ ዓይኗ ካርዱ ላይ ነበር።

«አሁን ማን ያየዋል? እነዚያ ሴቶች እኔን ነው ያመኑ።»

ከይሪያ ካርዱን በመሃረብ ጠቅልላ ፖስታ ውስጥ ከተተች። «በሴት መርማሪ ብቻ የሚከፈት» ብላ ጻፈችና ፈረመች፤ ሙናንም አስፈረመቻት። ማሸጊያውን ለጥፋ በአውራ ጣቷ ጫን አደረገችው። ከዚያ ማሸጊያው ወደ ላይ እንዲታይ ፖስታውን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ ሙና ፊት አስቀመጠችው።