ከእማማ አገጭ ስር ያየሁት

ይህን ነገር ያመነኝ ሰው እስከ ዛሬ የለም። እናንተም ላታምኑኝ ትችላላችሁ። ግን ሆኗል።

የጀመረው ማክሰኞ ቀን ነው፤ ከጠዋቱ አራት ሰዓት። በምሠራበት የቆዳ ክሊኒክ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ቁጥር ሁለት ክፍል ውስጥ። ፀሐይ በመስኮት ገብታ ወለሉ ላይ ተዘርግታለች። ኮሪደሩ ላይ ሰው ይስቃል።

ጨለማ አልነበረም። ብቻዬንም አልነበርኩም።

እስካሁን የሚያንገበግበኝም እሱ ነው...

ሥራዬ የላላ ቆዳ ማጥበቅ ነው። ቢላ የለም፣ ስፌት የለም። ፊትና አንገት ላይ ጄል ቀብቼ የማሽኑን እጀታ አስቀምጣለሁ። ማሽኑ የድምፅ ሞገድ መስመር በመስመር ወደ ውስጥ ይተኩሳል። ሞገዱ ከስር ያለውን ያሞቀዋል፤ የላላው ቆዳ በሁለት በሦስት ወር ቀስ እያለ ይሰበሰባል።

ከመተኮሴ በፊት ስክሪኑ ውስጡን ያሳየኛል። ከላይ ቆዳ፣ ቀጥሎ ስብ፣ ከዚያ ጡንቻ። እንደተደራረበ ብርድ ልብስ። ስድስት ዓመት ሙሉ ያየሁት ይህንኑ ነው።

ሕጉ አንድ ነው። ካላየሽ አትተኩሺ።

የዚያን ቀን የመጡት ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበሩ። እማማ እላቸዋለሁ። ያመጣቻቸው ልጃቸው ልብስ ሰፊ ናት።

"ተማሪዎቿ መንገድ ላይ አይተዋት ያልፋሉ" አለችኝ ልጅቷ ኮሪደር ላይ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "ፊቷ ጠፍቶባቸው። እሱ ነው የሚያስለቅሳት።"

አንጀቴን በላችው። እማማን ጥሩ አድርጌ ልሠራቸው ለራሴ ቃል ገባሁ።

የቀኙ ጎን ያለ ችግር አለቀ። እማማ አልፎ አልፎ "ኡፍ" ከማለት በቀር ምንም አላሉም።

በግራ በኩል፣ ከአገጫቸው ስር እጀታውን አስቀመጥኩ።

ስክሪኑ ጥቁር ሆነ።

ጄል ጨመርኩ። ጥቁር።

የእጀታውን ጫፍ ቀየርኩ። ጥቁር።

የራሴ ክንድ ላይ ሞከርኩት። ቆዳ፣ ስብ፣ ጡንቻ... ቁልጭ ብሎ ታየ። ወደ እሳቸው መለስኩት።

ምንም። እጀታውን አየር ላይ የያዝኩት ያህል። ከቆዳቸው ስር ሰው የሌለ ይመስል።

የክሊኒኩን ባለቤት፣ ዶክተሯን ጠራኋት። በሩ ላይ ቆማ አየችና የጥገና ሠራተኛው እንዲመጣ አዘዘች። ይህን ሰውዬ "ፊውዝ" ነው የምንለው፤ ቶሎ ስለሚቃጠል። መጣ፣ የራሱ አንገት ላይ ሞከረው፣ ሠራለት፤ በንዴት ተቃጠለ።

"ማሽኑ ደህና ነው። የማይሠራው የሠራተኛው ጭንቅላት ከሆነ እሱን አልጠግንም።"

"እሳቸው ላይ ሞክረው እስቲ።"

"ሰው መጠገን የእኔ ሥራ አይደለም" ብሎ ሄደ።

ዶክተሯ ሰዓቷን አየች። "አስር መስመር ነው የቀረው። ጨርሺ።"

"ሳላይ አልተኩስም፣ ዶክተር።"

እጀታውን ከእጄ ነጠቀችኝ። አስሩንም መስመር ጥቁሩ ውስጥ ተኮሰችው።

በሰባተኛው ላይ እማማ እጄን ያዙኝ።

"ልጄ..." አሉ በሹክሹክታ፣ "ከውስጥ የሚገፋኝ ምንድን ነው?"

"ሙቀቱ ነው፣ እማማ" አለች ዶክተሯ።

ያኔ መጮህ ነበረብኝ...

በዘጠነኛው ቀን ልጅቷ ደወለች።

"ግራው ጠብቋል" አለች።

"በዘጠኝ ቀን? አይሆንም።"

"እንደ ሳህን ልሙጥ ሆኗል። አንድም ሽብሽብ የለውም። እና..."

"እና ምን?"

"ከምሳ በኋላ ጋደም ስትል አጠገቧ ቁጭ ብዬ እሰፋለሁ። ከንፈሯ ግጥም ብሎ ተዘግቷል... ጉንጯ ግን ያኝካል። ግራው ብቻ።"

ሮጬ ለዶክተሯ ነገርኳት። ምን ብትለኝ ጥሩ ነው?

"ውጤት ነዋ! ፎቶ አንሺያት፣ ለማስታወቂያ ይሆነናል።"

የሥራ ባልደረቦቼንም ለመንኩ። አንዷ ሳቀች፣ አንዷ "ዕረፍት ውሰጂ" አለችኝ። ድንጋይ ላይ ውሃ ማፍሰስ ነው። ደሜ ፈላ። በራሴ ሥልጣን ቀጠሮ ሰጥቼ ዓርብ ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት አስመጣኋቸው።

እማማ ገብተው በጀርባቸው ተኙ። ግራ ፊታቸውን በቅርብ አየሁት። ላብ አልነበረውም። የቆዳ ቀዳዳ አልነበረውም። ሲናገሩ የሚንቀሳቀሰው ቀኙ ብቻ ነው።

"ያምዎታል?"

"አያመኝም። ይከብደኛል እንጂ።"

ዓይናቸውን በጨርቅ ሸፈንኩላቸው። አልተኩስም፤ ማየት ብቻ ነው የፈለግሁት። ጄል ቀባሁና እጀታውን ከአገጫቸው ስር አስቀመጥኩ።

ጥቁሩ የለም።

ቆዳ። ስብ። ጡንቻ። ተመስገን አልኩ።

ከዚያ ወደ ታች አየሁ።

ከጡንቻው ስር... ሌላ ቆዳ።

ከእሱ ስር ሌላ ስብ። ሌላ ጡንቻ። ሁለት ጊዜ ቆጠርኩት። የእማማ ሥጋ ካለቀበት ሌላ ሰው ይጀምራል።

እጀታውን በዝግታ ወደ ጉንጫቸው ሳብኩት። መስመሩ ከፍ አለ፣ ጎበጠ፣ ዝቅ አለ። ከዚያ ቀጭን ስንጥቅ መጣ።

ስንጥቁ ተከፈተ።

ተዘጋ።

ተከፈተ...

"እማማ" አልኩ፣ "እባክዎ አይንቀሳቀሱ።"

"እኔ አልተንቀሳቀስኩም፣ ልጄ።"

እጀታውን ጥዬ ወጣሁ። የዶክተሯን በር ሳላንኳኳ ከፈትኩት። ስልክ ላይ ናት። ሁለት ጣቷን አነሳችልኝ፤ ሁለት ደቂቃ ማለቷ ነው።

"አሁን ይምጡ። ስክሪኑ ላይ አየሁት። አሁን ይዩት።"

ጀርባዋን ሰጠችኝ። ስለ መጋረጃ ቀለም እያወራች ነበር። ክሬም ይሁን ወይስ ግራጫ። በሩ ላይ ቆሜ እጄን ነከስኩ። ሁለት ደቂቃው ሰባት ሆነ። ክንዷን ይዤ እየጎተትኩ አመጣኋት። ልጅቷም ከእንግዳ መቀበያው ተነስታ ተከተለችን።

እማማ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብለዋል። ጫማቸውን አድርገዋል። አንገታቸውን በፎጣ ይጠርጋሉ።

ሁለቱም ጉንጫቸው ላልቷል። ግራው እንደ ቀኙ፣ የመጀመሪያ ቀን ያነሳሁት ፎቶ ላይ እንዳለው። መጨማደዱ በቦታው ተመልሷል።

"ቀለለኝ" አሉ። ፈገግታቸው ሙሉ ፊታቸው ላይ ወጣ።

ዶክተሯ እጀታውን አንስታ አንገታቸው ላይ አስቀመጠችው። ቆዳ፣ ስብ፣ ጡንቻ። ከዚያ በታች ምንም።

"ይኸው" አለችኝ። "ሥራ አስፈታሽን። ዕቃሽን ሰብስቢና ለአንድ ወር አልይሽ።"

"ዶክተር፣ በእናትዎ... ከአስር ደቂቃ በፊት—"

"በቃ።"

ወደ ልጅቷ ዞርኩ። ቢያንስ እሷ ታግዘኛለች ብዬ። እሷ ግን የእናቷን ጉንጭ በሁለት እጇ ይዛ ታለቅስ ነበር።

"ተያት እህቴ" አለችኝ በለሆሳስ። "ተመልሳልኛለች። ሌላውን ማወቅ አልፈልግም።"

እማማን አቅፋ ይዛቸው ወጣች። አልፈረድኩባትም። ዶክተሯም ወጣች። የጫማዋን ኮቴ እስኪርቅ ሰማሁት።

ክፍሉ ውስጥ እኔ ብቻ ቀረሁ። ፀሐይዋ አሁንም ወለሉ ላይ ናት። ማሽኑን አጠፋሁ። የአልጋውን ወረቀት ቀድጄ ልጥል ዞርኩ።

ወረቀቱ ላይ የጄል ማኅተም አለ።

ግንባር። አፍንጫ። አገጭ።

በሆዱ የተኛ ሰው ፊቱን ትራሱ ላይ ተጭኖ የሚተወው ዓይነት። እማማ አንድም ጊዜ በሆዳቸው አልተኙም። ደግሞ የእሳቸው ፊት አይደለም። ጠበብ ያለ ነው... አገጩ ሹል ነው።

እጄን አስጠጋሁ። ይሞቃል።

ዶክተሯን ልጠራ አፌን ከፈትኩ። ከዚያ መልሼ ዘጋሁት። ማን ሊሰማኝ?

እዚያው ቆሜ አየሁት። የአፉ ማኅተም ባለበት ቦታ ላይ ወረቀቱ ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ ሰረጎደ...

ቆየ...

መልሶ ተነፋ።