ስድስተኛው ዙር

ገዳዩ የተሳሳተው ከገደለ በኋላ ነው።

ተክለ ቅዳሜ ማታ፣ ካናዳ፣ ካልጋሪ አስራ ሰባተኛ አቬኑ አጠገብ በተከራየው ቤዝመንት (ምድር ቤት)፣ ጭንቅላቱን በካውያ ተመትቶ ሞቶ ተገኘ። እ.ኤ.አ. 1987 ነው። አጠገቡ ባለው ሰፊ ጠረጴዛ ላይ ራሱ ቀለም የቀባቸው፣ ጣት የማያህሉ የእርሳስ ብረት ሳሙራዮች፣ የጥንት ጃፓን ወታደሮች፣ ለጦርነት ጨዋታ ተሰልፈዋል። ሐኪሙ «የሞተው አስራ አንድ ሰዓት ገደማ ነው» አለ።

እሑድ ፖሊስ ደመቀችን ለአስተርጓሚነት ጠራት። ደመቀች አዲስ አበባ አስር ዓመት ወንጀል መርምራለች፤ ማስተርጎም ብቻ አይሆንላትም። ፖሊሱ ማንንም ወደ ጠረጴዛው ሳያስጠጋ የተጠረጠሩትን ሁለት ሰዎች ደረጃው ሥር አቆማቸው።

«ስንት ሰዓት ወጣህ?» አለችው የሟቹን ተጋጣሚ ጎይትኦምን።

«ዘጠኝ ሰዓት፣ እትዬ። አምስት ዙር ተጫውተን ቀሪውን ለሚቀጥለው ቅዳሜ አሳደርነው። ቤቴ ገብቼ ተኛሁ።»

«ያየህ ሰው አለ?»

«የለም። ከታሰርኩ ሚስቴን ወደዚህ ለማምጣት የጀመርኩት ስፖንሰር አበቃለት። ካርቱም ሦስት ዓመት ጠብቃኛለች፤ ለእሷ ጉዳይ ነገ ኢንተርቪው አለኝ።»

ከተክለ ጋር ክፍል የሚጋራው መኳንንት ሳቀ። «ዘጠኝ ሰዓት! ለአስራ አንድ ሩብ ጉዳይ ላውንደሪ ልብስ ላጥብ ስሄድ እየተጫወቱ ትቻቸዋለሁ። ካላመኑኝ ጠረጴዛውን ይዩት።»

ደመቀች አየችው። የዙር መቁጠሪያው ስድስት ላይ ቆሟል። የጎይትኦም ጠመንጃ ያዦች ፊት አስራ ሁለት የተክለ ፈረሰኞች በጥይት እንደወደቁ ተጋድመዋል። ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ሰማያዊ ጭረት ያለባት ካርድ ተቀምጣለች።

«አንተ አትጫወትም?»

«በአሻንጉሊት? ለእሱ ይተዉለት፣ ለጄኔራሉ!» ወደ ጎይትኦም በአገጩ አመለከተ። «ተክለ ሦስት ሳምንት አቀርቅሮ ጄኔራል ቀባለት፤ ባንዲራው ላይ ስሙን ጻፈለት። እኔ ከገዳሪፍ ጀምሮ አስራ አንድ ዓመት አብሬው ኖሬ ተራ ወታደር እንኳ አልቀባልኝም።»

ደመቀች የጨዋታውን ዳኛ የሺጥላን አስጠራች። ቅዳሜ ሥራ ላይ ስለነበር አልመጣም። ሲደርስ ሁሉንም በጠረጴዛው ዙሪያ አቆመቻቸው።

«ጎይትኦም ዘጠኝ ሰዓት ወጣሁ ይላል» አለች። «ጠረጴዛው ግን አልወጣም ይላል። በራሱ ላይ የሚመሰክር ጠረጴዛ የሚያሰናዳ ገዳይ አላየሁም።»

«ማን አሰናዳው? ተጫውተው ነው እንጂ!» አለ መኳንንት።

«የሺጥላ፣ ይቺ ካርድ ምንድን ናት?»

«ዝናብ ናት፣ እትዬ። አንድ ዙር ሲያልቅ ከወጣች የሚቀጥለው ዙር ሙሉውን ይዘንባል፤ ከዚያ ትነሳለች።»

«ሲዘንብስ?»

«የጠመንጃው መለኮሻ ገመድ ይረጥባል፤ አይተኮስም። ተክለ በዚህ ሕግ አይቀልድም ነበር።»

«ታዲያ እነዚህን አስራ ሁለት ፈረሰኞች ምን ገደላቸው?»

ደመቀች ወደ መቁጠሪያው ጠቆመች።

«ስድስተኛ ዙር አልነበረም» አለች። «መቁጠሪያውን ያዞረው፣ ፈረሰኞቹን ያጋደመው ጨዋታውን የማያውቅ ሰው ነው። ካርዷን ያላነሳትም ምን እንደሆነች ስላላወቀ ነው። የዚህ ቤት ቁልፍ ኖሮት ጨዋታውን የማያውቅ ማነው?»

መኳንንት ዓይኑን ከካርዷ አልነቀለም።

«ካውያው እጄ ላይ ነበር» አለ በመጨረሻ። «‹አስተምረኝ› አልኩት። ‹አንተ ትዕግሥት የለህም፤ እኔና ጎይትኦም እንበቃለን› አለኝ።» ጥርሱን ነከሰ። «ዝናብ እንዳለ እንኳ አልነገረኝም።»

ደመቀች ለፖሊሱ በእንግሊዝኛ ነገረችው። ካቴናው ጠቅ አለ።

ጎይትኦም ጄኔራሉን አነሳ፤ ባንዲራው ላይ ያለውን ስሙን አየና መኳንንት ፊት አስቀመጠው።

«ውሰደው።»

«የት ልትሄድ ነው?» አለችው ደመቀች።

«ቤቴ። ነገ ኢንተርቪው አለኝ።»

ካፖርቱን ለብሶ ወጣ፤ በሩን ዘጋው።