የጠፋው ረቡዕ

«እስቲ ቀኑን አንብቢልኝ፤ እኔ ተሳስቼ ይሆናል» አለች እማ፣ ደብዳቤውን በሁለት እጇ ይዛ።

ሄርሜላ አነበበች። ደግማም አነበበች። የእናቷ የአሜሪካ ዜግነት ቃለ መጠይቅ ትናንት ረቡዕ ነበር።

«አልፏል፣ እማ።»

እናቷ ተናኘ በምትሠራበት የዱሉዝ መጋዘን የለበሰችውን የሥራ ልብስ እንኳ ሳታወልቅ ሶፋው ላይ ዘጭ አለች። የሄርሜላ ታላቅ ወንድም ሰርፀ አዲስ አበባ ነው ያለው። ከሁለት ወር በኋላ ሃያ አንድ ዓመት ይሞላዋል። እናቱ ከዚያ በፊት ዜጋ ከሆነች ቶሎ ይመጣል፤ ካልሆነች ወረፋው የዓመታት ነው።

«ስልኩ ይነግረኛል ብዬ እኮ ነው! ቀጠሮውን ላይብረሪ ኮምፒዩተር ላይ በገዛ እጄ የጻፍኩት፤ የማንበብና የመጻፍ አስተማሪዬ አጠገቤ ቆማ፣ ፊደሉን አንድ በአንድ ለቅሜ። ስልኬ ላይም መጥቶ አይቼዋለሁ። የት ገባ?»

ሄርሜላ ስልኩን ተቀብላ ከፈተችው። ረቡዕ ባዶ ነው። ዓርብም ባዶ ነው። ያኔ አንድ ነገር ትዝ አላት።

ባለፈው ወር ሒሳብ ክፍል ውስጥ ስልኳ ጮኾ «ጾም» የሚል ጽሑፍ ብቅ አለ። አጠገቧ የተቀመጠው ቶማስ አጮልቆ አይቶ «ሄርሚ፣ ስልክሽ በርገር ከለከለሽ እንዴ?» ብሎ ሳቀባት። እናቷ ረቡዕና ዓርብን እንዳትረሳ «ጾም» የሚለውን ካላንደር የከፈተችላት ራሷ ሄርሜላ ነበረች፤ በአንድ አካውንት፣ ለሁለቱም ስልክ፣ ለላይብረሪው ኮምፒዩተርም። በንዴት ካላንደሩን እንዳለ ዴሊት አደረገችው። ከራሷ ስልክ ላይ ብቻ የሚጠፋ መስሏት ነበር። እማ ግን ሌላ ካላንደር አታውቅም፤ ቀጠሮዋን የጻፈችው እዚያው ውስጥ ነው። የጾሙ ማስታወሻ መምጣቱን ሲያቆምባት «ስልኬም ጾም ከበደው» ብላ ስቃለች። ሄርሜላም ማጥፋቷን አልነገረቻትም።

«ጣቴ ነው» አለች ተናኘ። «አንዱን ነገር ነክቼ አጠፋሁት። ማንበብ ሳያውቁ መጻፍ ምን ይባላል?»

«ምናልባት ሲንክ ሳያደርግ፣ ከኮምፒዩተሩ ጋር ሳይናበብ ቀርቶ ይሆናል» አለች ሄርሜላ፣ ዓይኗን ሰብራ። «ሌላ ቀን እንዲሰጡሽ ደብዳቤ እንጽፋለን።»

«እነሱ እስኪመልሱ ልጄ ሃያ አንዱን ይደፍናል።»

እማ ከቦርሳዋ የትምህርት ደብተሯን አውጥታ ለሄርሜላ ዘረጋችላት።

«ያዢው። ገና ብዙ ባዶ ገጽ አለው፤ ላንቺ ይሆንሻል። ለእኔ ትምህርቱ ይቅርብኝ።»

ከዚያ ስልኩን ወስዳ የሰርፀን ቁጥር ነካች። «ከሌላ ሰው ከሚሰማ እኔው ልንገረው። እናትህ በጣቷ አጠፋችብህ ልበለው።»

ስልኩ ይጠራ ጀመር። ሄርሜላ ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። ኮምፒዩተሩ ማን እንዳጠፋው አይናገርም፤ እማም ሌላ ሰው አትጠረጥርም። ስልኩ አራት ጊዜ ጠራ።

«እማዬ?» አለ ሰርፀ። «ደህና ናችሁ?»

ተናኘ ስልኩን ወደ አፏ አስጠጋች። ሄርሜላ ደብተሩን እናቷ ጭን ላይ መልሳ አስቀመጠችና እጇን ዘረጋች።

«ስልኩን ስጪኝ፣ እማ። የምነግረው እኔ ነኝ። አንቺም አትሂጂ፤ እዚሁ ቁጭ ብለሽ ስሚኝ።»