የማስተርጂ ድምፅ

ራምአውታር ኦጃ ሞተው የተገኙት ወደ ምክር ቤት ሊሄዱ ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ጫማቸውን አጥልቀው፣ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ነበር። ኢንስፔክተር ኡርሚላ ኬርኬታ የአባላቱን ማደሪያ ደረጃ ወጥታ ሳትጨርስ ስልኳ ጮኸ።

«ልባቸው ነው» አለ አዛዥዋ። «ሽማግሌ ናቸው፤ ሙቀቱም ሰው ይገድላል። ፈርሚና ነይ።»

«ገና አስከሬኑን አላየሁም እኮ ጌታዬ!»

«እንግዲያው አይተሽ ፈርሚ» ብሎ ዘጋባት።

ኡርሚላ ጥርሷን ነክሳ ገባች። ሟቹ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያስተማሩ፣ በመምህራን ድምፅ ለግዛቲቱ ላይኛው ምክር ቤት የተመረጡ ሰው ነበሩ፤ ከተማው ሁሉ ማስተርጂ ይላቸዋል። ጠረጴዛው ላይ የላዱ ካርቶን ተከፍቷል። በሽምብራ ዱቄትና በስኳር ከተድቦለቦሉት ጣፋጮች አንዱ ጎድሏል፤ ቢጫ ፍርፋሪውም በማስተርጂ ከንፈርና ጭን ላይ ተበትኗል። ኡርሚላ ጎንበስ ብላ አፋቸውን ተመለከተች። ጥርሳቸው መሃል ምንም የለም።

ሐኪሙ ዓይናቸውንና ጥፍራቸውን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። «መርዝ ይመስለኛል። ግቢው ውስጥ ያለው ቢጫ አበባ፣ ካኔር፣ ፍሬው ልብ ያቆማል። ሆዳቸውን መርምሬ ነገ ጠዋት ቁርጡን እነግርሻለሁ።»

አስከሬኑን ያገኘው አብሯቸው የሚኖረው የወንድማቸው ልጅ ብሪጅ ነው። ዓይኑ ቀልቷል፤ ከእንባው ግን ንዴቱ ይበልጣል።

«ጠዋት ቁርስ ልሥራ ብላቸው ‹ዛሬ ኤካዳሺ ነው፣ ጾመኛ ሰው አትፈትን› ብለው ሳቁብኝ። ገበያ ደርሼ ስመለስ እንደዚህ ሆነው አገኘኋቸው። ለዚያ የጃጀ ምክር ቤት ብለው!»

«ዛሬ ምን ነበራቸው?»

«የሱግና ሐይቅን በአፈር ሞልቶ ሕንፃ ለመሥራት የወጣው ሕግ ነዋ! ታችኛው ምክር ቤት አጽድቆታል። አሁን በጋ ነው፣ ሐይቁ ጭቃ ሆኗል፤ ቀያሾች መጡና ጠፍ መሬት ብለው መዘገቡት። አጎቴ ‹ዝናቡ እስኪገባ ብቻ እንያዘው፤ ሐይቅ መሆኑን ውሃው ራሱ ይመሰክራል› ይሉ ነበር። ዓሣ አጥማጆቹ ሁሉ እሳቸውን ነው የሚጠብቁት።»

«ድምፃቸው ይህን ያህል ይመዝናል?»

«እሳቸው ካሉ ተቃዋሚዎቹ በአንድ ይበልጣሉ። ከሌሉ እኩል ነው፤ እኩል ከሆነ ደግሞ አፈ ጉባኤው ይወስናሉ። አፈ ጉባኤው ደግሞ የገዢው ፓርቲ ሰው ናቸው።»

ላዱውን ያመጣው የታችኛው ምክር ቤት አባልና የሕጉ አቅራቢ ቴጅፓል ነበር። ወፍራም፣ ላቡን በመሐረብ የሚጠርግ፣ ድምፁ ከሩቅ የሚሰማ ሰው ነው።

«እኔ? ለላይኛው ምክር ቤት ብዬ ሰው ልግደል? እህቴ፣ እዚያ እኮ የተሸነፈ ፖለቲከኛ የሚጦርበት ቤት ነው! ሕግ ማስቀረት አይችሉም። ሦስት ወር ያዘገዩታል፣ እንደገና እናጸድቀዋለን፣ ሌላ አንድ ወር ያጉረመርማሉ፣ አለቀ!»

«ዋጋ ከሌላቸው ላዱ ተሸክመህ ምን ልታደርግ ሄድክ?»

ቴጅፓል መሐረቡን አወጣ። «...ላባብላቸው። ካርቶኑን አስቀምጬ ወጣሁ፤ አልነኩትም። ደረጃው ላይ ፕሮፌሰር ሳሃይን አገኘሁት። በሁለት የሸክላ ኩባያ የቤል ፍሬ ጭማቂ ይዞ ይወጣል። በዚህ ቃጠሎ ‹ጠጣ› እንኳ አላለኝም፣ ንፉግ!»

ኡርሚላ ክፍሉ ውስጥ የሸክላ ኩባያ አላየችም ነበር፤ ወዲያው አንድ ፖሊስ ጠርታ ከማስተርጂ መስኮት በታች ያለውን ቁጥቋጦ እንዲያስስ አዘዘችው።

ፕሮፌሰር ኡፔንድራ ሳሃይ በዩኒቨርሲቲ ምሩቃን ድምፅ የተመረጡ የላይኛው ምክር ቤት አባል ናቸው። ሕጉን ከማስተርጂ ጋር ጎን ለጎን ቆመው ሲቃወሙ የኖሩት እሳቸው ነበሩ። እንባቸውን በመነጽራቸው ሥር እየጠረጉ ተቀበሏት።

«ወንድሜን አጣሁ። ጠዋት ላበረታታው ጎራ ብዬ ነበር።»

«ምን ይዘው?»

«ባዶ እጄን ነው እንጂ። ‹ማስተርጂ፣ ከዚያ ሰው እጅ አትብላ› አልኩት። ሳቀና ላዱውን ገመጠ። ሲያኝክ ትቼው ወጣሁ። ምነው እጁን በያዝኩት ኖሮ!»

ኡርሚላ አመስግናቸው ወጣች።

ምክር ቤቱ በአባሉ ሐዘን ምክንያት ድምፁን ለማግስቱ አዛወረ። አዛዥዋ እንደገና ደወለ። «ቴጅፓልን ለምን ታስጨንቂያለሽ? ቆይ፣ ሥራሽን ጠልተሻል እንዴ?» አላት። የምርመራ ክፍሉ የሐኪሙን ሪፖርት ሊያዘገይ ሲሞክር ራሷ ሄዳ በር ላይ ቆማ ጠበቀች። እያንዳንዱን ነገር ከሰው ጉሮሮ ፈልቅቆ እንደማውጣት ሆነባት።

በማግስቱ ጠዋት፣ የስብሰባው ደወል ከመደወሉ በፊት፣ ሁሉንም በላይኛው ምክር ቤት አፈ ጉባኤ በናዚር ካን ቢሮ ሰበሰበቻቸው። አፈ ጉባኤው በስብሰባ መሃል በማንቀላፋት የሚታሙ ዝምተኛ ሽማግሌ ነበሩ። ብሪጅ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ቴጅፓል ሰዓቱን ያያል። ሳሃይ ጥቁር ጨርቅ ክንዳቸው ላይ አስረዋል።

«ማስተርጂን የገደለው የካኔር ፍሬ ነው» አለች ኡርሚላ። «ላዱው እንዳይመስላችሁ። ትናንት ኤካዳሺ ነበር፤ ማስተርጂ በጾም ቀን እህል አይቀምሱም፤ የፍሬ ጭማቂ ግን ይፈቀዳል። ሐኪሙም ሆዳቸው ውስጥ ያገኘው ካኔር የተቀላቀለበት የቤል ጭማቂ ብቻ ነው። ፍርፋሪው ከሞቱ በኋላ ከንፈራቸው ላይ የተበተነ ነው። እንግዲህ ሲገምጡ አየሁ ያለ ሰው ዋሽቷል።»

የሁሉም ዓይን ሳሃይ ላይ አረፈ።

«ጾም መሆኑን ረስቶ ይሆናል» አሉ ፕሮፌሰሩ።

«ቁርስ የከለከሉት በዚያው ጠዋት ነው። እርስዎ ጾም ስለማያውቁ ነው የተሳሳቱት። ባዶ እጄን ነበርኩም ብለዋል። ቴጅፓል ግን ሁለት ኩባያ ይዘው አይቶዎታል፤ ስብርባሪውን ከመስኮቱ በታች አግኝተነዋል። አንደኛው ላይ የተፈጨ ካኔር አለ።»

«እኔ ሕጉን የምቃወም ሰው ነኝ! የራሴን ወገን ድምፅ ልግደል?»

«ያታለለኝም ይኸው ነበር። የምክር ቤት ዘመንዎ በዚህ ክረምት ያልቃል። ምሩቃኑ ደግመው እንደማይመርጡዎት ከተማው ያውቃል። ከላይኛው ምክር ቤት ወንበሮች ከፊሎቹን የሚመርጡት የታችኛው ምክር ቤት አባላት ናቸው፤ ሌላ ወንበር የሚሰጥዎ የእነሱ ድምፅ ብቻ ነው። ሕጉን ደግፈው እጅ ቢያወጡ ስምዎ ይጠፋል። ስለዚህ እየተቃወሙ የሚሸነፉበትን መንገድ ፈለጉ።»

«በሁለት ቢላዋ የሚበላ!» ቴጅፓል ጠረጴዛውን ደበደበ። «ፓርቲው ወንበር ቃል ሲገባለት ተቃውሜ ነበር! ለዚህ ነው በላዱዬ ያላከከብኝ!»

«ፕሮፌሰሩ በአንተ ያላከኩት በላይኛው ምክር ቤት ድምፅ ስለሌለህ ጭምር ነው» አለች ኡርሚላ። «አንተ ብትታሰር ሕጉ አንድም ድምፅ አይጎድልበትም።»

ሳሃይ መነጽራቸውን አወለቁ። ሲናገሩ ድምፃቸው የክፍል መምህር ድምፅ ነበር። «ጥሩ ተማሪ ነሽ። ሒሳቡን ግን ጨርሺው። አሁን ካሰርሽኝ ሐይቁ ሁለተኛ ድምፅ ያጣል። እኩል እንኳ አይሆንም። እሰሪኝ!»

ኡርሚላ ይህን ሒሳብ ከትናንት ጀምሮ ስትሠራውና ስታፈርሰው ቆይታለች። ካቴናውን አወጣች።

«እጅዎን ይስጡኝ» አለች። ብሪጅ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

አፈ ጉባኤው ከወንበራቸው በዝግታ ተነሡ። «ልጄ፣ ይዘሽው ሂጂ» አሉ። «የድምፁን ነገር ለእኔ ተዪው።»

ወደ አዳራሹ ገብተው ከፍ ካለው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ቴጅፓል ከጎብኚዎች መደዳ ተንጠራርቶ ያያል።

«በዚህ ሕግ ድምፅ ምክንያት አንድ አባላችን ተገድሏል» አሉ ናዚር ካን። «ደሙ ሳይደርቅ ድምፅ አላሰጥም። ስብሰባው ተበትኗል። እንደገና የምንሰበሰበው ስጠራችሁ ነው።»

«አይችሉም!» ቴጅፓል ጮኸ። «ሦስት ወሩ ሲያልፍ መልሰን እናጸድቀዋለን!»

«ታጸድቁታላችሁ። ሦስት ወሩ ሲያልፍ፣ ዝናቡ ከገባ በኋላ» አሉና ወረቀታቸውን ሰብስበው ወጡ።

ከሰዓት በኋላ ኡርሚላን የዝውውር ደብዳቤ ጠበቃት፤ ከመዲናዋ ርቃ፣ የባቡር ጣቢያ ጥበቃ። አልተገረመችም፤ ግን አመማት። ዕቃዋን ጭና ስትወጣ ብሪጅን ከበሩ ቆሞ አገኘችው። እንደ ወጉ ለሐዘን ፀጉሩን ተላጭቷል።

«አይገባኝም» አላት። «ሕጉ ተመልሶ ይመጣል። ሳሃይ ጠበቃ ገዝቷል። አንቺን አባረሩሽ። አጎቴ ታዲያ ለሦስት ወር ነው የሞቱት? ሦስት ወር ምን ዋጋ አለው?»

ኡርሚላ ልታጽናናው ፈለገች። ሻንጣዋን መሬት አስቀምጣ ላቧን ጠረገች።

«እኔ አላውቅም፣ ልጄ» አለችው። «የገደላቸው ሰው ግን ዋጋውን ያውቅ ነበር።»